«ይ.ዲ.» ምን ያስተምረናል? መዋቅራዊ ምልክትና የመጻሕፍት ዝግጅት

የቅዳሴ መጽሐፍ ገልጦ ያየ ምእመን ሁሉ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉትን ምኅፃረ ቃላት ያውቃቸዋል፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ናቸው። ስለ ፊደሉ መጠንና ቀለም አይናገሩም፤ ንባቡ የማን ድርሻ እንደ ሆነ ብቻ ያመለክታሉ። በኅትመት ሙያ መዋቅራዊ ምልክት የሚባለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በኮምፒውተር መጽሐፍ ስናሰናዳ ግን ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ቃሉን መርጠን እናቀላለን፤ ርእሱን እናደምቃለን፤ ገጹ ለዓይን ካማረ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። መጽሐፉን በኪስ መጠን ማሳተም ሲፈለግ የግእዙ ዓምድ ከአማርኛው ይለያያል፤ የዲያቆኑ ንባብ አንድ ገጽ ላይ ቀይ፣ ሌላው ላይ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። እኛም በአንድ ወቅት የእመቤታችንን ስም በአንድ ትእዛዝ ለማቅላት ሞክረን፣ «ገብረ ማርያም» የሚሉ የሰው ስሞች እኩሌታቸው ቀልቶ አግኝተናቸዋል። ቁም ጸሐፊ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ማንን እንደሚጽፍ ያውቃልና።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ በ1977 እ.ኤ.አ. የገዛ መጽሐፋቸው የኅትመት ናሙና ስላላስደሰታቸው «ቴክ» የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ መሥራት ጀመሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት በዚያ ላይ ተመሥርተው «ላቴክ»ን አዘጋጁ። በዚህ አሠራር ደራሲው «ይህ ምዕራፍ ነው፤ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው» ብሎ ያመለክታል፤ መስመር መክፈል፣ ገጽ መቁጠር፣ ማውጫ ማውጣት የማሽኑ ድርሻ ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች የሚመዘግበው «ኤክስ ኤም ኤል» በተባለው የምልክት ሥርዓት ነው።

ለእኛ ጥቅሙ የጎላ ነው። ከንባቡ መነሻ ‹ዲያቆን›፣ ከመድረሻው ‹/ዲያቆን› ብለን አንድ ጊዜ ካመለከትን፣ ከዚያው ጽሑፍ ለመቅደስ ትልቁን መጽሐፍ፣ ለምእመናን የኪሱን፣ በውጭ ሀገር ለተወለዱ ልጆችም የሕዝቡን ተሰጥዎ ብቻ ለስልክ ማውጣት ይቻላል። ቀዩ ቀለም እንዲቀየር ቢታዘዝ የሚለወጠው አንድ መስመር ነው።

ነገር ግን «ማርያም» የተባለችው እመቤታችን ትሁን መግደላዊት ማሽኑ አይለይም፤ ምልክቱን የሚያኖረው ንባቡን የሚያውቅ መምህር ሊሆን ይገባል። ሁለት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ እንዳያርፍ ማድረግን የመሰለውን ደንብ ደግሞ ባለሙያው አንድ ጊዜ ለማሽኑ ይጽፍለታል።