አቦል ላይ ማን ይኖራል?

የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የከዋክብት መመልከቻው አንድ ጋራ ይጋራሉ፤ እንጦጦን። በአንደኛው ከበሮና ጸናጽል፣ በሌላኛው እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። መመልከቻውን እዚያ ያስተከለው 3,200 ሜትር የሚደርሰው ከፍታ ነው እንጂ የመልአኩ ስም አይደለም። ሆኖም መጽሐፈ ሄኖክን የገለጠ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ምዕራፍ 20 ላይ የመላእክቱ ሹመት ሲቆጠር ለራጉኤል የደረሰው የብርሃናት ነገር ነው።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ነገር ሆነ። ታኅሣሥ 7 ቀን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ላደላቸው ከዋክብትና ፕላኔቶች የወጣላቸውን ስም ሲያሳውቅ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነችው ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞራት ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች፤ መረጃዋን እንዲቀበል የታሰበው ጣቢያም የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው። ስለ ሳተላይቷ ብዙ ተባለ። እኔን የያዘችኝ ግን አቦል ናት። አንድ የቆየ ጥያቄ በአገራችን ስም ተጠርቶ ተመልሶ መጣ፦ ሌላ ዓለም ካለ፣ እዚያም ነባቢ ፍጥረት ካለ፣ የአዳም ውድቀት ይነካዋል ወይ? የክርስቶስ ሰው መሆንስ ለእሱም ነው? (አቦል ራሷ ከጁፒተር የምትገዝፍ የጋዝ ክምር ናት፤ እግር የሚያርፍባት አይደለችም። ስሟን ለጥያቄው ተውሼ ነው።)

አውሮፓውያን በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀዋል። የሉተር ባልደረባ ፊሊፕ ሜላንክተን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ዓለማት አሉ የሚለውን ሐሳብ የተቃወመው፣ ክርስቶስ የሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ በየዓለሙ እየዞረ አይሞትም ብሎ ነው። ቶማስ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1794 ያንኑ ገመድ ከሌላው ጫፍ ሳበው፤ ዓለማቱ ብዙ ከሆኑ የሚወድቀው ክርስትና ነው አለ። ብዙ ዓለምና አንድ መስቀል አብረው አይሄዱም በሚለው ላይ ግን አማኙና ከሓዲው ተስማምተው ነበር።

ገመዱን ያላላው ልብ ወለድ ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ታሪክ ማርስ ላይ ሦስት ዓይነት ነባቢ ፍጥረት አኖረ፤ አንዳቸውም አልወደቁም። የታመመችው ምድር ናት፤ ከሌሎቹ ጋር መነጋገር ያቆመችውም ስለዚህ ነው። በ1943 በወጣው ተከታይ መጽሐፍ ደግሞ ቬነስ ላይ ፈተናው ገና የሚመጣባት ሌላ ሔዋን አለች። ሉዊስ ማስረጃ አላቀረበም፤ «ባይወድቁስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ያልወደቀ ቤዛ አያሻውም፤ የሜላንክተን ፍርሃትም ቦታ ያጣል። የቫቲካን መመልከቻ ኃላፊ የነበሩት አባ ሆሴ ጋብርኤል ፉነስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቫቲካን ጋዜጣ በሰጡት ቃለ ምልልስ የተጠጉት ወደዚሁ ነው።

የእኛ ሊቃውንት ወደዚህ ጥያቄ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ሥነ ፍጥረት የተማረ ደቀ መዝሙር ሰባቱን ሰማያት በቃሉ ይወጣቸዋል፦ ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የመላእክት አገር ናቸው። በኢዮር አራት፣ በራማ ሦስት፣ በኤረር ሦስት፣ በድምሩ አሥር ከተማ፤ ነዋሪው መቶ ነገድ። እስቲ ይህን ስሙን ሳትጠሩ ለአንድ የልብ ወለድ አንባቢ ንገሩት፦ ከሰው በፊት የተፈጠረ፣ የሚያስብና የሚናገር፣ ከተማና አለቃ ያለው፣ ከመካከሉም ከሃዲ የወጣበት ሕዝብ። የየትኛው ደራሲ ነው ብሎ ይጠይቃችኋል።

ሳጥናኤል ከነሠራዊቱ ሲወድቅ አምላክ መልአክ አልሆነላቸውም፤ የያዘው የአብርሃምን ዘር እንደሆነ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 2 ይናገራል። እንግዲህ ሌላ ነባቢ ፍጥረት ስለኖረ ብቻ ሌላ መስቀል እንደማያስፈልግ የእኛ የቆሎ ተማሪ ከልጅነቱ ሰምቶታል። ይህ ግን ነገሩን አይጨርሰውም። መልአክ ረቂቅ ነው፤ አይራብም፣ አይወልድም፣ አይሞትም። እንደ እኛ ሥጋ ለብሶ፣ እንደ እኛ ወድቆ፣ ከአዳም ግን ያልተወለደ ፍጥረት ቢገኝስ? ተዋሕዶ «ሥጋ» ስትል ከድንግል ማርያም የነሣውን የአዳምን ሥጋ ነው የምትለው። እዚህ ላይ መቶው ነገድ አያግዙንም፤ እውነተኛው ጥያቄ የሚጀምረውም እዚህ ይመስለኛል።

በዩቲዩብ የሚራገበው ክርክር ግን ሌላ ነው። ኤሪክ ፎን ዴኒከን እ.ኤ.አ. በ1968 የጥንት ሰዎች አማልክት ያሏቸው የጠፈር እንግዶች ነበሩ ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ ሄኖክ ምዕራፍ 6 ላይ ወደ አርሞንዔም ተራራ የወረዱት ሁለት መቶ ትጉሃን የጠፈር መንኮራኩር ተሳፋሪዎች ተደርገዋል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዞ አውሮፓ ገባ፤ አሁን መጽሐፉ በባዕድ ትርጓሜ ተጠቅልሎ ወደ ባለቤቱ እየተመለሰ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትርጓሜ ግን የወረዱት ከሰማይ አይደለም። ደቂቀ ሴት ናቸው፤ ስለ ንጽሕናቸው መላእክት ተብለው ከደብር ቅዱስ ወደ ቃየል ልጆች ወረዱ። የምድር ልጆች፣ የምድር ተራራ።

ሄኖክን የጠፈር ጉዞ ማስታወሻ የሚያደርጉት ሰዎች ምዕራፍ 72ን ይዘሉታል። እዚያ ቀንና ሌሊቱ በ18 ክፍል ተከፍሎ፣ ረጅሙ ቀን 12፣ ሌሊቱ 6 ይሆናል፤ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ሰዓት ይዞ የቆመ ሰው ረጅሙን ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ያገኘዋል እንጂ ከዚያ አያልፍም። የሁለት ለአንዱ ስሌት የጥንት ባቢሎናውያን ነው። ከጠፈር የመጣ መምህር እንዲህ አያስተምርም። የሰው እጅ ያለበት፣ የሰው ዘመን ያለበት ጽሑፍ ነው፤ በእኔ ዓይን ይህ ክብሩን አይቀንሰውም።

ልብ ወለድ ለሥነ መለኮት የሚሠራው ሥራ በጉባኤ ቤት ስም አለው፤ አንድም። የኔታ ንባቡን ካወረዱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ መንገድ ይከፍታሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ንባቡ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሉዊስ የሠራው እንደዚህ ነው፤ ውድቀትና ቤዛነት እንዳሉ ሆነው በሌላ ዓለም አስኬዳቸው። ዴኒከን ግን ንባቡን ነቅሎ በመንኮራኩር ተካው። እንዲህ ያለው አንድም በጉባኤ ቤት ተግሣጽ ያስከትላል።

የእንጦጦው መመልከቻ በክረምት ደመና፣ በበጋ ደግሞ ከታች በሚወጣው የከተማ መብራት ይቸገራል፤ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ መመልከቻ የታሰቡትም ለዚህ ነው። ቡና በዓይን የምትታይ ኮከብ አይደለችም፤ ጥሩ አቅራቢ መነጽር ግን ያገኛታል። የራጉኤል ክብረ በዓል መስከረም 1 ነው። በዋዜማው ደመናው ከገለጠ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን ምሥራቅ ብቅ ትላለች፤ ከከተማው መሃል ለሚያይ ከየካ ጋራ በላይ። ማኅሌቱ እስኪያበቃ ወደ አናት ትወጣለች፤ አቦልም እየዞረቻት ነው።