ማናበብ መጠባበቂያ አይደለም፤ የኪስ ኤሌክትሮኒክ አጀንዳ ለነጋዴው የተወው ትምህርት

ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ካዝናውን ይቆልፋል፤ መጋዘኑን በዘበኛ ያስጠብቃል፤ ዕቃውንም ከእሳትና ከስርቆት በመድን ዋስትና ይሸፍናል። የደንበኞቹን ስምና ስልክ፣ የዱቤ መክፈያ ቀጠሮውን፣ ከማን ምን ያህል እንደሚሰበስብ የጻፈበት ማስታወሻ ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ዘበኛና ያለ ዋስትና በኪሱ ውስጥ ይዞራል። የጠፋ ዕቃ በገንዘብ ይተካል። ለዓመታት የተሰበሰበ የደንበኛ ዝርዝር ግን ከጠፋ በገበያ ላይ የሚሸጥ ምትክ የለውም። በተለይም ለደላላ ይህ ዝርዝር ከመሥሪያ ካፒታል ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ማስታወሻው ከወረቀት አጀንዳ ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከተዛወረ ወዲህ «መሣሪያው ከኮምፒዩተር ጋር ስለሚናበብ ምንም ነገር አይጠፋም» የሚል እምነት በስፋት ይታያል። እምነቱ ግማሽ እውነት ነው። ማናበብ ማለት ሁለት መዝገቦች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ማድረግ ነው። መጠባበቂያ መያዝ ማለት ደግሞ መዝገቡ በአንድ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ሳይነካ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ለማየት፣ ማናበብን ለተራው ተጠቃሚ ያስተዋወቀችውን ፓይለት የተባለች የእጅ መሣሪያ አሠራር መመልከት ይጠቅማል።

ከእንጨት ቁራጭ የተነሳ ሐሳብ

ፓይለትን የሠራው ፓልም የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 በሚስተር ጄፍ ሃውኪንስ የተመሠረተ ነው። በዚያን ዘመን በእጅ የሚያዝ ኮምፒዩተር ለመሸጥ የሞከሩ ሁሉ ብዙም አልቀናቸውም። ፓልም ራሱ ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ዙመር የተባለ መሣሪያ ገበያ አላገኘም። በዚያው ዓመት አፕል ያቀረበው ኒውተንም ዋጋው ውድ፣ መጠኑም ለኪስ የማይመች ሆኖ ተገኘ።

ሚስተር ሃውኪንስ ከዚህ ውድቀት በኋላ በሸሚዝ ኪስ ልክ አንድ የእንጨት ቁራጭ አስጠርበው ለወራት ይዘውት ይዞሩ እንደነበር ይታወቃል። ቀጠሮ በያዙ ቁጥር እንጨቱን ከኪሳቸው አውጥተው እንደሚጽፉበት ሆነው በመሞከር፣ ሰው በእርግጥ ምን እንደሚያስፈልገው ያጠኑ ነበር። ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በዩ.ኤስ. ሮቦቲክስ ከተገዛ በኋላ፣ በመጋቢት 1996 ፓይለት 1000 እና ፓይለት 5000 ለገበያ ቀረቡ። የመጀመሪያዋ 128 ኪሎባይት የማስታወሻ አቅም ኖሯት በ299 ዶላር፣ ሁለተኛዋ ደግሞ 512 ኪሎባይት ይዛ በ369 ዶላር ተሸጡ። ሁለቱም በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋዮች ለሳምንታት ይሠሩ ነበር።

ፓይለትን ከቀዳሚዎቿ የለያት ዋናው ነገር ኮምፒዩተርን ለመተካት አለመነሳቷ ነው። የቢሮው ኮምፒዩተር ተቀጥላ ሆና ታሰበች። አብሯት የሚሸጥ ማስቀመጫ ነበራት፤ ማስቀመጫው በሽቦ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይያያዛል፤ በላዩም አንድ ቁልፍ ብቻ አለ። ነጋዴው ከገበያ ሲመለስ መሣሪያዋን ማስቀመጫው ላይ አኑሮ ቁልፏን ይጫናል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኪሱና የጠረጴዛው መዝገብ አንድ ይሆናሉ። ኩባንያው ይህን አሠራር ሆትሲንክ ብሎ ሰየመው።

ሁለቱ መዝገቦች እንዴት ይናበባሉ?

በመሣሪያዋ ላይ የነበሩት ዋና ዋና መዝገቦች አራት ናቸው፤ የቀጠሮ፣ የአድራሻ፣ የሚሠሩ ሥራዎችና የልዩ ልዩ ማስታወሻ። አብሮ የሚሰጠው ፕሮግራም ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን እነዚሁ አራት መዝገቦች በጠረጴዛውም ላይ ይከፈታሉ።

ተጠቃሚው አንድ ስልክ ቁጥር በጨመረ ወይም በለወጠ ጊዜ መሣሪያዋ በዚያ መስመር ላይ መነካቱን የሚያሳይ ምልክት ታደርጋለች። ሲሰርዝም እንዲሁ የስረዛ ምልክት ይቀመጣል። ቁልፏ ስትጫን ሁለቱ ወገኖች መዝገቡን በሙሉ አይቀያየሩም፤ ምልክት ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ይለዋወጣሉ። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው። ልውውጡ ሲያበቃ ምልክቶቹ ይጠፋሉ። ተጠቃሚው በመካከሉ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አናብቦ ከሆነ ግን ምልክቶቹ ስለማይታመኑ ፕሮግራሙ መስመር በመስመር ለማመሳከር ይገደዳል፤ ጊዜም ይፈጃል።

አንዲት ጸሐፊ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ የአንድን ደንበኛ ስልክ ብታስተካክል፣ አለቃዋም በዚያው ዕለት ለዚያው ደንበኛ በኪሱ መሣሪያ ላይ ሌላ ቁጥር ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ የትኛው ትክክል እንደሆነ አይፈርድም። ሁለቱንም ያስቀምጥና ግጭት መኖሩን ያሳውቃል። ፍርዱ የባለቤቱ ነው። በሂሳብ ሠራተኛ ቋንቋ፣ ይህ የባንክ መግለጫንና የድርጅቱን መዝገብ እንደማስታረቅ ያለ ሥራ ነው።

የማናበብ ጥቅም ግልጽ ነው። የፓይለት መዝገብ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በሚጠፋ የማስታወሻ ክፍል ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ባትሪው ጨርሶ ሞቶ ከቆየ ሁሉም ነገር ይደመሰስ ነበር። ባትሪ ሲለወጥ እንኳ መሣሪያዋ መዝገቧን ይዛ የምትቆየው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ለመፈለግ ወደ ሱቅ መሄድ አደገኛ ነበር። ትናንት ያናበበ ሰው በዚህ አደጋ የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው። መሣሪያዋ ብትሰረቅም አዲስ ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ ይሞላታል። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ደግሞ አዲሱ ኮምፒዩተር ከመሣሪያዋ ይሞላል።

ካርቦን ስህተትንም ይገለብጣል

ይሁን እንጂ ማናበብ እንደ ካርኒ ካርቦን ነው። በላይኛው ወረቀት ላይ ትክክለኛ ዋጋ ከተጻፈ ትክክለኛው ወደ ታች ይተላለፋል። 10,000 ብር ለመጻፍ ታስቦ 1,000 ቢጻፍም ካርቦኑ ያንኑ ስህተት ያለ ጥያቄ ይገለብጣል። የሆትሲንክ ተጠቃሚዎችን ለኪሳራ ሊዳርጉ ይችሉ የነበሩት መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው ስረዛ ነው። አንድ ደላላ ሰኞ ዕለት የአንድ ቤት ሻጭ አድራሻ በስህተት ሰርዞ ማታ ቢያናብብ፣ አድራሻው ከኮምፒዩተሩም ይወጣል። ስህተቱን ሐሙስ ቢያውቅ ሁለቱም መዝገቦች ተስማምተው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይሉታል። በስረዛው ጊዜ ቅጂው በኮምፒዩተር እንዲቀመጥ የሚያዘውን ምልክት ያደረገ ብቻ ከማኅደሩ ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ፕሮግራሙ ከማናበብ ሌላ ሦስት ምርጫዎች ነበሩት፤ የኮምፒዩተሩን በመሣሪያዋ ላይ መገልበጥ፣ የመሣሪያዋን በኮምፒዩተሩ ላይ መገልበጥ፣ ወይም ምንም አለማድረግ። መዝገቧ የተደመሰሰባት ባዶ መሣሪያ በእጁ ያለች ሰው የመጀመሪያውን መምረጥ ሲገባው ሁለተኛውን ከመረጠ፣ ባዶውን በሙሉው ላይ ገለበጠ ማለት ነው። የቀረው አንድ መዝገብ በገዛ እጁ ይጠፋል።

ሦስተኛው ስም ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን መሣሪያ የሚለየው በተጠቃሚዋ ስም ነበር። ሁለት ሸሪኮች ሁለት መሣሪያ ገዝተው በአንድ ስም ቢያስመዘግቡ የሁለቱ ቀጠሮና ደንበኛ እርስ በርሱ ይደበላለቃል። የተደበላለቀ መዝገብ ከጠፋው ባልተናነሰ ያስቸግራል።

አራተኛው ቦታ ነው። መሣሪያዋ ሌሊቱን የምታድረው ከኮምፒዩተሩ አጠገብ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌባ ሲገባ ወይም እሳት ሲነሳ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ለሌሎች ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚሆን የመጠባበቂያ ፎልደር በኮምፒዩተሩ ላይ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ውስጥ የሚቀመጠው የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ነው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ይተካል። የተበላሸ መዝገብ ከተገለበጠም ደኅናውን አጥፍቶ ይቀመጣል።

ጠንቃቃው ነጋዴ ምን ያደርግ ነበር?

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ጠንቃቃ ተጠቃሚ በየሳምንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን በስሙ የተከፈተ ፎልደር በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። የፓይለት አቅም በኪሎባይት የሚቆጠር ስለነበር፣ የአንድ ነጋዴ መዝገብ ብዙውን ጊዜ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ሊገባ ይችል ነበር። በዲስኩ ላይ ቀን ይጽፍና ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዲስክ ይጠቀማል እንጂ በዚያው ላይ አይገለብጥም። ሐሙስ ስህተቱን ያወቀው ደላላ እንዲህ ያለ ዲስክ ቢኖረው ኖሮ ያለፈውን ሳምንት መዝገብ ከፍቶ የቤት ሻጩን ስልክ ያገኝ ነበር። በንግድ ቋንቋ፣ ይህ መዝገቡን ፎቶ ኮፒ አስነስቶ በሌላ ካዝና እንደ መቆለፍ ነው። የዛሬው መዝገብ ቢበላሽ ያለፈው ሳምንት ቅጂ አይነካም።

ቁልፉ ጠፋ፤ አደጋው ቀረ

የፓልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ለኤች.ፒ. ተሸጠ። ገዢው በማግሥቱ ዓመት፣ በ2011፣ የእጅ መሣሪያዎቹን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። የኪስ አጀንዳውን ሥራ የእጅ ስልክ ወሰደው። ማስቀመጫውና ቁልፉም ቀሩ። የዛሬ ስልክ በኢንተርኔት በኩል፣ ባለቤቱ ሳያዝ፣ ቀኑን ሙሉ ሲናበብ ይውላል። ይህ ምቾት ነው፤ ሆኖም በፓይለት ዘመን ስህተት ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሻገረው ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ ላይ የተሰረዘ ስም ከሌሎቹ መሣሪያዎች ለመጥፋት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

የጎግል አካውንት የተሰረዘ አድራሻን በቆሻሻ ቅርጫቱ ለ30 ቀናት ያቆያል። የአፕል አይክላውድም የአድራሻ መዝገብን ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ለመመለስ ያስችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ አቅራቢ ስልክ መጥፋቱ የሚታወቀው ግን በስድስተኛው ወር ሊሆን ይችላል። ያኔ ቅርጫቱ ባዶ ነው። በሌላ በኩል በሲም ካርድ ላይ ወይም በስልኩ ማስታወሻ ላይ ብቻ የተመዘገበ ቁጥር ከአካውንቱ ጋር ጨርሶ ስለማይናበብ፣ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል።

የስም ጉዳይም መልኩን ለውጦ ቀጥሏል። የድርጅቱ ሽያጭ ሠራተኛ የደንበኞችን ስልክ በግል አካውንቱ ከመዘገበ፣ ሥራውን በለቀቀ ቀን ዝርዝሩ አብሮት ይወጣል። የድርጅቱ ስልክ በድርጅቱ አካውንት መከፈት ያለበት ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ከፍሎፒው ዘመን ብዙም አልተለወጠም። የአድራሻ መዝገቡን ከስልኩ ወይም ከአካውንቱ በፋይል አውጥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ ፍላሽ ዲስክ ላይ መገልበጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ሕግ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሥራው ቦታ ውጭ። ለሱቅ ባለቤት ይህ ማለት አንዱ በስልኩ፣ አንዱ በቢሮው ኮምፒዩተር፣ አንዱ በቤቱ በፍላሽ ዲስክ ማለት ነው። ፍላሹን አልፎ አልፎ ከፍቶ በውስጡ ያለው መዝገብ የሚነበብ መሆኑን ማረጋገጥም ያስፈልጋል። ያልተፈተነ መጠባበቂያ ያልተቆጠረ ገንዘብ ነው።

ስልክ ከተሰረቀ፣ መዝገብ ከተደመሰሰ በኋላ ባለሙያ ፍለጋ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ነጋዴው ቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አጭር ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ ስልኬም ኮምፒዩተሬም አንድ ላይ ቢጠፉ፣ ነገ ጠዋት ለማን እደውላለሁ?» መልስ ያጣ ሰው መዝገቡ ተናብቦ ሊሆን ይችላል፤ መጠባበቂያ ግን የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል።