የአውራምባ ገቢና መሬት

ስለ አውራምባ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ወንዱ እንጀራ መጋገሩን፣ ሴቷ እርፍ መጨበጧን ነው። እውነት ነው፤ ሊነገርም ይገባዋል። በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ያለችውን ይህችን ትንሽ መንደር እስከ ዛሬ ያቆያት ግን ብዙም የማይወራለት የገቢዋ ነገር ነው።

ዙምራ ኑሩ ማኅበረሰቡን ከጥቂት ገበሬዎች ጋር የመሠረቱት በ1964 ዓ.ም. ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ውንጀላ ሲበዛባቸው ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ እጅ ገብቶ አገኙት። በስተመጨረሻ የቀራቸው 17.5 ሄክታር ያህል ነው። የነዋሪው ቁጥር ደግሞ ከ400 አልፏል። መሬቱ ለነዋሪው ይካፈል ቢባል ለአንድ ሰው 440 ካሬ ሜትር እንኳ አይደርሰውም። በዚህች ቁራሽ ጤፍ ዘርቶ ዓመት መዝለቅ የማይታሰብ ነው።

በጣና ዳር ሜዳ ላይ ያለው የፎገራ ገበሬ ውሃ በሚተኛበት መሬቱ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ኑሮው ተለውጧል። አውራምባ ይህ ዕድል አልነበራትምና ፊቷን ወደ ሽመና አዞረች። በዚያን ጊዜ ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ተብሎም ተከፍሎ ነበር። አውራምባዎች ስድቡንም ክፍፍሉንም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሴቱንም ወንዱንም እኩል ሸማ ዕቃ ላይ አስቀመጡ። ሽመናው ላይ የእህል ወፍጮ፣ ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ ተጨመረ። ትርፉን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት በዓመቱ እኩል ይካፈሉታል። በየሳምንቱ አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለአረጋውያን፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናትና ለታመሙ ነው።

እኔ ከገቢው ይልቅ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለወጪው ነው። የአገራችን ገበሬ ለሰርግና ለተዝካር ይበደራል፤ በሬውን ይሸጣል፤ ያንን ዕዳ ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል። አውራምባ ውስጥ የሰርግ ድግስም ተዝካርም የለም። ይህ ከጎረቤት ጋር ብዙ አቃቅሯቸዋል፤ ጥሪታቸውን ግን በቤታቸው አቆይቶላቸዋል። ሴት ልጅ ከ19 ዓመቷ፣ ወንድ ልጅ ከ22 ዓመቱ በፊት አያገቡም፤ የወሊድ መቆጣጠሪያም የተለመደ ነው። መሬቱ እንደማይሰፋ ቀድመው አውቀው ቤተሰባቸውን መጥነዋል።

አሁን ችግሩ ከሁለት አቅጣጫ መጥቷል። አንደኛው ገበያ ነው። ከሸማው ዋና ገዢዎች አንዱ እስከ መንደሩ የሚመጣው ጎብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልልን ያዳረሰው ግጭት። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚው ይቀራል፣ ክሩ ይወደዳል፣ የተሸመነውም ጋቢ ይከመራል። መሬት ያለው ገበሬ ቢያንስ የሚበላውን ከማሳው ያገኛል፤ ሸማኔው ግን ሸማው ካልተሸጠ እህል የሚሸምትበት የለውም።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። ማኅበረሰቡ ልጆቹን ለማስተማር ያልከፈለው ዋጋ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የወጡም አሉ። ዲግሪ ይዞ ለተመለሰ ወጣት ግን መንደሩ ያለው ሥራ ጥቂት ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ያ የሳምንቱ የመረዳጃ ቀን በማን ጉልበት ይሠራል? የአረጋውያኑ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ይህ ጥያቄ ይበረታል።

ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ ለማቀድ መጀመሪያ ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አገራችን ግን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። የመንደሮቻችን ነዋሪ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ወጣት እንደሄደ፣ በስንት ሄክታር ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር ሳይታወቅ የሚወጣ የገጠር ልማት ዕቅድ ለአውራምባም ለጎረቤቶቿም አይጠቅምም። ቆጠራው ሰላም የሚጠብቅ ከሆነ የሸማው ገበያ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ጋቢ ስንገዛ ከእነሱ እንግዛ።