ቀኑን ባሕሩ ይወስን

ጓደኛሞች ከሲያትል ወደ ዌስትፖርት ወደብ ወርደው ሳልመን ለማጥመድ ሲያስቡ፣ ብዙ ጊዜ ቀኑን የሚቆርጠው የዕረፍት ፈቃዳቸው ነው። መቅደም ያለበት ግን ደንቡና ባሕሩ ነው። በዋሽንግተን ግዛት የውቅያኖስ ዳርቻ ሳልመን የሚጠመደው በኮታ ነው፤ ኮታው ቀድሞ ከሞላ ወቅቱ ከተባለው ቀን በፊት ይዘጋል። በወደቡ አፍ ደግሞ ወደ ባሕር የሚሸሸው ውሃ ከውቅያኖሱ ሞገድ ጋር ሲጋጭ ሞገዱ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ለትንንሽ ጀልባዎች መውጫውን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። «ልምድ ያለው ካፒቴን ከተከራየን ምን ያሳስበናል?» የሚል አይጠፋም። ካፒቴኑ መንገዱን ያውቃል እንጂ ሞገዱን አያዝም፤ ስለዚህ ተለዋጭ ቀን ከመነሻው መያዝ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምለው ስለ ዓሣው ነው። ኮሆ የተባለው የሳልመን ዝርያ ሲያዝ ከጅራቱ ቀደም ብሎ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ ትታይ፤ ተቆርጣ ጠባሳዋ ከዳነ ዓሣው ከማራቢያ ጣቢያ የወጣ ነው። ክንፏ ካለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ደንቡ ወደ ባሕር መልሱት ይላል፤ ከውሃ ሳይወጣ መንጠቆው ይነቀልለት።