አሮጌው ኮርስ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

1.85 ሚሊ ሜትር ከአንድ ሳንቲም ውፍረት ብዙም አይበልጥም። የጀማሪ ኮርስ ብስክሌት ይዘው «ትንሽ ላሻሽለው» ብለው የተነሡ ብዙ ሰዎች ግን በጀታቸው የሚናጋው በዚህችው ልዩነት ነው። ሺማኖ ለባለ 8፣ ለባለ 9 እና ለባለ 10 ማርሽ ኮርስ ብስክሌቶች የሠራው የኋላ ሞዞ፣ ካሴቱ (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) የሚለበስበት ክፍሉ ለባለ 11 ከሠራው በዚህን ያህል ያጥራል። ስለዚህ ባለ 8 ማርሹን ወደ ባለ 11 ላሳድግ ያለ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ካሴቱ በአሮጌው ሞዞ ላይ እንደማይበቃ ያያል። አንዳንድ ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ካሴቶች ይገባሉ፤ አብዛኞቹ ግን አይገቡም። እንግዲህ የኋላ ቸርኬም ሊገዛ ነው። የማርሽ እጀታዎቹ፣ ማርሽ ቀያሪዎቹና ሰንሰለቱ አስቀድሞም በዝርዝሩ ላይ ነበሩ፤ ክራንኩም ብዙ ጊዜ ይከተላል። ሁሉም ሲደመር ብስክሌቱ አዲስ ሳለ ከተገዛበት ዋጋ ጋር ይተካከላል፤ አንዳንዴም ያልፈዋል።

ጥያቄው የሚመጣው እግር ሲጠነክር ነው። መጀመሪያ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ያደክመው የነበረው ሰው አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡድን ጋር ይወጣል፤ ዳገት ላይ ይቀደማል፤ የቀደሙትን ሰዎች ብስክሌት ማየት ይጀምራል። ከዚያ ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንዱ የራሱን በተሻለ ዕቃ ማደስ ሲሆን ሌላው ለሱቁ ሰጥቶ ልዩነቱን በመጨመር አዲስ መውሰድ ነው። ሱቆቹ ንግግሩን ከማርሽ ይጀምሩታል፤ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105 እያሉ የሺማኖን ማርሾች በደረጃ ይጠሩለታል። ትክክለኛው መጀመሪያ ግን ፍሬሙ ነው። ሌላው ሁሉ ተፈትቶ ይቀየራል። ፍሬሙ የማይቀበለውን ነገር ግን ገንዘብም አያስገባውም።

በአሜሪካ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን የስፔሻላይዝድ ኩባንያ «አሌ» እንውሰድ። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ፤ ያኔ ፍሬሙ ብረት ነበር። በ2018 የወጣው ትውልድ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የካርቦን ሹካና ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጥ ፍሬን ይዞ መጣ። የመነሻው ሞዴል ባለ 8 ማርሽ ክላሪስ የተገጠመለት ሲሆን ከ1,000 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። የ2023ቱ ሞዴል ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ፍሬኑ ዲስክ ሆነ፤ እስከ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ መያዝ ቻለ፤ የመነሻ ዋጋውም ወደ 1,200 ዶላር ወጣ። ማርሹ ግን ያው ክላሪስ ነው።

በሁለቱ መካከል ግንብ አለ። የፊተኛው ፍሬም ዲስክ የሚታሰርበት ቦታ ስለሌለው ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ቢከፍል ዲስክ አያስገባበትም። ዝናብ ላይ የሚተማመንበት ፍሬን ወይም ለኮረኮንች የሚሆን ሰፊ ጎማ የፈለገ ሰው መልሱን እዚህ ያገኛል፤ መሸጥ ነው። ልኩ ያልሆነ ፍሬም የገዛም እንደዚሁ። አንገቱና ወገቡ እያመመው ሁለት ሰዓት የሚጋልብን ሰው ውድ ማርሽ አያድነውም። የመሪውን አንገት በሌላ ርዝመት መቀየርና ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ማድረግ የተወሰነ ያስተካክላል፤ ከሁለት ቁጥር በላይ የተሳሳተውን ግን አያስተካክልም።

ፍሬሙ ልክ ከሆነና ፍላጎቱ ፍጥነት ብቻ ከሆነስ? ያኔ መልሱ የሚወሰነው በሚጋለብበት መንገድ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርስልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። በቀድሞ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ቁልቁለቱም አቀበቱም ለስላሳ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሜዳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ዋናው ባላጋራ አየር ነው፤ አየሩን በብዛት የሚገፋው ደግሞ ብስክሌቱ ሳይሆን የሰውየው ደረትና ትከሻ ነው። ክርንን አጠፍ አድርጎ ዝቅ ማለትና የሚውለበለበውን ጃኬት በሰውነት ልክ በሆነ ልብስ መተካት ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። የመጀመሪያው እንዲያውም ምንም አያስወጣም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ለሚወጣው ሰው ደግሞ ክብደት ይቆጠራል። ግን ምን ያህል? ጋላቢው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 10 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 80 ነው። ሁለት ኪሎ የሚቀልል ብስክሌት ቢገዛ ከጠቅላላው የቀነሰው 2.5 በመቶ ነው። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ይህ ወደ 45 ሴኮንድ ይመጣል። ለእሽቅድምድም ሰው 45 ሴኮንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለውድድር የፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ሆኖ ሳለ ቡድኖች በግራም የሚከራከሩት ለዚህ ነው። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ያስብበት የነበረው ሒሳብ ይህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሚወጣ ሰው ግን ሁለት ሺህ ዶላር ለ45 ሴኮንድ መክፈል ውድ ነው። በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ስሌቱን ትንሽ ያዛባዋል። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የክብደት ድርሻ ትንሽ ከፍ ይላል።

ትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሠራበት ቦታ ጎማ ነው። የመነሻ ብስክሌቶች ከፋብሪካ የሚወጡት ጠንካራና ከባድ ጎማ ለብሰው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎም አይበሳም። እንደ ኮንቲኔንታል ግራንድ ፕሪ 5000 ያለ ጥሩ ጎማ በመሞከሪያ ከበሮ ላይ ሲለካ በመንከባለል የሚያባክነው 10 ዋት አካባቢ ሲሆን፣ ተራዎቹ ብዙ ጊዜ ከ15 ዋት ይበልጣሉ። በሁለት ጎማ ሲባዛ ልዩነቱ 10 ዋትና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ 150 ዋት ለሚያወጣ እግር ይህ ይሰማል። ቦታ ካለ ከ25 ወደ 28 ሚሊ ሜትር ማስፋትና ነፋሱን ቀነስ ማድረግም ምቾትን ይጨምራል። ጎማን እንደ ድንጋይ ማጠንከር ፍጥነት ይሰጣል የሚለው የድሮ ልማድ አሁን ተትቷል።

የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው። አብሮ የመጣውን ጠንካራ ሸራ በተሻለ መተካት የምሳ ዋጋ ያህል ያስወጣል፤ ለውጡ ግን በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ይታወቃል።

«ማርሹ አረጀ» ከማለት በፊት ደግሞ ሰንሰለቱን መለካት ይገባል፤ ኢንች ያለው ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ሰንሰለት ከአንድ ፒን ጀምሮ ሲለካ 12 ኢንች ላይ ሌላ ፒን ይገኛል። ፒኑ ምልክቱን በ1/16 ኢንች ካለፈው ሰንሰለቱ ይቀየራል፤ በ1/8 ካለፈው ካሴቱም አብሮ ተበልቷል። ለባለ 8 ማርሽ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። የሚንጫጫና የሚዘል ማርሽ በአዲስ ሰንሰለት፣ በአዲስ ካሴትና በአዲስ የማርሽ ገመድ እንደገና ልጅ ሲሆን ያየ ሰው ስለ 105 ማሰቡን ለጊዜው ይተዋል።

መራቅ የሚሻለው ከውድ ቸርኬ ነው። በቸርኬው ላይ ለሚጨብጥ ፍሬን የተሠራ የካርቦን ቸርኬ ነገ ወደሚገዛው የዲስክ ብስክሌት አይሻገርም። ፔዳል፣ ጫማ፣ ኮርቻ፣ መብራት ግን ይሻገራሉ። ገንዘብ ማውጣት ግድ ካለ በሚሻገረው ላይ ይውጣ።

አሁን ወደ መለወጡ። ሱቅ አሮጌ ብስክሌት ሲቀበል ያጥበዋል፣ ያድሰዋል፣ ዋስትና ይሰጥበታል፣ ከዚያም አትርፎ ይሸጠዋል። ስለዚህ የሚሰጠው ዋጋ ባለቤቱ ራሱ ቢሸጠው ከሚያገኘው ማነሱ የግድ ነው። ትሬክ በ2023 በአሜሪካ የጀመረው አሮጌ የትሬክ ብስክሌት ተቀብሎ ዋጋውን ለአዲሱ ግዢ የማሰብ አሠራር ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፣ ከሱቁ አይወጣም። ይህ ንግድ ለሻጮቹም ቀላል አይደለም፤ በኮሎራዶ የተመሠረተውና ያገለገሉ ብስክሌቶችን በመግዛትና በመሸጥ የታወቀው «ዘ ፕሮስ ክሎዜት» በ2024 ሥራውን ሊያጥፍ መወሰኑን አሳውቆ ነበር። በኮሮና ጊዜ ብስክሌት ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር፤ በኋላ መጋዘኖች ሞልተው አዲሱ ራሱ በቅናሽ ሲሸጥ አሮጌውን በደህና ዋጋ የሚፈልገው ማን ይሆናል?

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው የተጨመረ ዕቃ ዋጋ አለመጨመሩ ነው። 400 ዶላር የፈጀ ማሻሻያ የተደረገለት ብስክሌት ሲሸጥ ገዢው የሚያየው ሞዴሉንና ዓመቱን ነው። አስተዋይ ሻጭ የፋብሪካውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ ያቆየዋል፤ ሊሸጥ ሲል መልሶ ይገጥመዋል፤ የተሻለውን ለራሱ ያስቀራል ወይም ለብቻው ይሸጠዋል።

በውጭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ለታናሽ ወንድም ወይም ለእህት ልጅ መላክ። እዚህ ላይ ርካሹ ብስክሌት ይበልጣል። በገመድ የሚሠራን ፍሬን ማንኛውም ጠጋኝ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በዘይት የሚሠራው ዲስክ ግን የራሱን ዘይትና አየር የማስወጫ መሣሪያ ይጠይቃል። የባለ 8 ማርሽ ሰንሰለትም ከባለ 12ቱ ይረክሳል፣ ሸካራ አያያዝም ይችላል። ከብስክሌቱ ጋር ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ አንድ ካሴት፣ አራት ካላማዳሪና የፍሬን ሸራ ቢታሸግ ተቀባዩ ለረጅም ጊዜ አይቸገርም። የአየር መንገዱን የሣጥን መጠንና የክፍያ ደንብ ግን ትኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው።

እዚያው ለመሸጥ የወሰነ ሰው ጊዜውን ይምረጥ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያገለገለ ብስክሌት ፈላጊ የሚበዛው ቅዝቃዜው ሲያልፍ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ሱቆች ያለፈውን ዓመት ሞዴል በቅናሽ የሚያወጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመኸሩና በቅዝቃዜው ወራት ነው። አዲሱን በኅዳር ገዝቶ አሮጌውን እስከ መጋቢት ያቆየ ሰው በሁለቱም በኩል ያተርፋል፤ በእነዚያ ወራት ሁለት ብስክሌት የሚያቆምበት ቦታ ካለው።