«ለምን ገደላቸው?» — ስለ ተወዳጅ ልብ ወለዶችና ስለ አንባቢ ግልጽ ቃል



ዛሬ የምናገረው ስለ ደራስያን ሳይሆን ስለ አንባቢዎች ነው። ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ስለ መጻሕፍት ብዙ ጽፈናል። መጽሐፉን ተውሶ፣ ተከራይቶ ወይም ከሬዲዮ ሰምቶ ያለ ይሉኝታ ስለሚፈርደው ሰው ግን የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ያደግሁት በገበዝ ማርያም አካባቢ ነው። በቤታችን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ ነበረ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ሲያገግም ለትረካው ሰዓት ብቻ ይቆጠባል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው በማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የእኛ ሰው ለገበያና ለለቅሶ የሚመላለስባት ቦታ ናት። ስለዚህ ሰሚዎቹ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን የሚሰሟቸው እንደ መጽሐፍ ሰዎች አልነበረም፤ እንደ ሩቅ ዘመድ እንጂ።

ታሪኩ ባለቀ ሰሞን በቡና ላይ የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። እናቴ ለበዛብህ ሞት ተጠያቂ ያደረገችው ፊታውራሪ መሸሻን አልነበረም። የበዛብህን ወላጆች ነበር። «አፍ ያልፈታ ልጅ ተስለው ሰጡ፤ እሱን ማን ጠየቀው?» አለች። ጎረቤታችን የነበሩት እማሆይ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ብፅዓት የሰው ዕቃ አይደለም። የእግዚአብሔርን ድርሻ ለሴት ሲሰጥ ምን እንዲሆን ኖሯል?» አሉ። እናቴም መለሰች፦ «እማሆይ፣ እርስዎ ወደው መነኮሱ። እሱ መች ወደደ?» እማሆይ ተነሥተው ሄዱ፤ ሦስት ቀን ቡና ሲጠሩ ቀሩ። በአራተኛው ቀን ሲመጡ ስለ ብፅዓቱ ምንም አልተነጋገሩም። ሁለቱም የተስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደራሲው ሁለቱን ልጆች መግደል አልነበረበትም። «ለምን ገደላቸው?» ይሉ ነበር፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ቀበሌ ሊጠየቁ የሚገባ ጎረቤት ይመስሉ።

ከዓመታት በኋላ ለዶክትሬት ጥናቴ በዚሁ መጽሐፍ ላይ አንድ ረጅም ምዕራፍ ጻፍሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ሥራ የመሳፍንቱን ሥርዓት እንዴት እንደሚነቅፍ፣ ጉዱ ካሳ የአዲስ ዘመን ድምፅ እንዴት እንደሆነ፣ አበጀ በለው የመራው የገበሬዎች ዐመፅ ምን እንደሚያመለክት በሰፊው ተነተንሁ። የጻፍሁት ስሕተት አልነበረም። የእናቴና የእማሆይ ጥያቄ ግን በምዕራፉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ወላጅ በልጁ ስም የሚገባው ቃል ልጁን እስከ የት ያስረዋል? ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ መጀመሪያ የተቀመጠና የበዛብህን ሕይወት ሁሉ ተከትሎት የሚሄድ ነው። ደራሲው ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ሰው ስለሆኑ የብፅዓትን ክብደት አሳምረው ያውቁታል። ማንበብ የማይችሉ ሁለት ሴቶች ያዩትን እኔ በብዙ ንባብ መካከል ዘለልሁት።

አገራችን ግልጽ ፍርድን የማታውቅ አይደለችም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር የተሰበረው ቤት ወዲያው ይታረማል፤ የተዋጣለት እንደሆነ «ይበል!» ይባላል። ማንም ለተማሪው ስሜት ሲል የጎደለውን ሞላ አይልም። ልብ ወለድ ግን ወደ እኛ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራቸውን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለውን ስም ሰጡት፤ የዘርፉ መጠሪያም ከዚያ ቀረ። ይህ ዘርፍ እንደ ቅኔ ቤት ያለ የራሱ ጉባኤ አልነበረውም። አንባቢው ጉባኤውን ራሱ መሥራት ነበረበት።

በፍኖተ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ያንን ጉባኤ ያገኘሁት በሚከራዩ መጻሕፍት የኋላ ገጽ ላይ ነው። በሳንቲም የምንከራያቸው ልብ ወለዶች ሽፋናቸው በካርቶን የተጠገነ፣ ጠርዛቸው በጣት ወዝ የጠቆረ ነበር። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ አንዱ አንባቢ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ቀጥሎ የተከራየው ከሥሩ ይመልስለታል። አልቅሼ ጨረስሁት የሚል አለ። ልጅቱ ሞኝ ናት የሚል አለ። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ ሞኙ አንተ ነህ የሚል ይከተላል። የማሞ ውድነህን የስለላ መጻሕፍት፣ የሲሳይ ንጉሡን «ሰመመን» ያነበብሁት እንዲህ ካሉት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር እየተሟገትሁ ነው። አንዳንዴ፣ ልንገራችሁ፣ መጽሐፉን ከመጀመሬ በፊት የኋላውን ገጽ አነብ ነበር።

ግልጽነት ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም ነበረ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። በእጅ የቀረው ቅጂ በድብቅ ይዞር ነበር። እንዲህ ባለው መጽሐፍ የኋላ ገጽ ላይ ማን አስተያየት ይጽፋል? እጄ በገባው ቅጂ ላይ አንድም ቃል አልነበረም። አንባቢው በሹክሹክታ ሲነጋገርም በአብዛኛው ስለ ድርሰቱ አልነበረም፤ ይህ ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው የሚለው ነበር። የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር በዚያ መካከል ሳይወራለት ቀረ። የአንባቢ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም። ፍርሃት ንባብንም ያጣምማል።

ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። መምህር ሆኜ ሳለ ከቡሬ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በየተማሪው እጅ በነበረበት ሰሞን፣ በክፍል ውስጥ ተነሥታ ስለዚህ መጽሐፍ ልትናገር ጀመረች። የጣናን ገዳማት ከረቀቀ ሳይንስ ጋር አገናኝቶ ማየቷ እንዳስደነቃት፣ የእኛም አገር የምሥጢር ታሪክ መቼት ሊሆን እንደሚችል አስባ እንደማታውቅ ተናገረች። አላስጨረስኋትም። «ይህን ከሥነ ጽሑፍ አትቁጠሪው» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። እርሷም ተቀመጠች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም እጇን አላወጣችም።

በፈተናው ስለ ተወዳጅ ልብ ወለድ ጠየቅሁ። የእርሷ መልስ ከሁሉም የበለጠ ነበር፤ ቃል በቃል የእኔ ሐሳብ ነበርና። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ወረቀቱን ዘግቼ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ወረቀት ላይ እርሷ አልነበረችም። አንድ አንባቢ ያለውን ለመናገር ደፍሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ የገዛ ድምፄን መልሶ እንዲያሰማኝ አስተማርሁት። ዛሬ እርሷ ራሷ አማርኛ ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ተገናኝተን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ ረስቼው ነበር» አለችኝ። አልረሳችውም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ስም ያልተጻፈበት ግማሽ ገጽ አስጽፋለሁ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ ደስ አለህ? የት ላይ ደራሲውን አላመንኸውም? መልሱ ብዙ ጊዜ ያሳፍረኛል። እኛ መምህራን በአክብሮት የምናነሣውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ብዙዎቹ አልጨረሱትም፤ ቋንቋው ገፍቷቸዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ይወዱታል፤ የጉዱ ካሳን ረጃጅም ንግግሮች እየዘለሉ። ይህን ያነበብሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ፤ በተማሪነቴ እኔም ዘልዬአቸዋለሁና። የጥናቴን ምዕራፍ ለመጻፍ ነው ተመልሼ ያነበብኋቸው። አንዱ ተማሪ ደግሞ፣ የማንኩሳ አካባቢ ልጅ ይመስለኛል፣ ስለ ብፅዓቱ ጽፎ ነበር። እርሱም በልጅነቱ ታሞ የተሳለ ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ቃላቸውን ሳይፈጽሙ ቀርተው እናቱ እስከ ዛሬ እንደምትፈራ፣ መጽሐፉን ሲያነብ የፈራው ለበዛብህ ሳይሆን ለእርሷ እንደነበረ ጻፈ።

በዚያ ወረቀት ላይ ምን ነጥብ ይሰጣል? እኔ አልሰጠሁትም። አንብቤ አጠፍሁና በዚያው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ አሁንም እዚያው አለ። እዚህ ላይ ልቁምና የእናንተን ልስማ። ማይክሮፎኑን ከኋላ ለተቀመጡት አስቀድሙልኝ።