የመኮንንነት በር ለማን ተከፍቶ ነበር?

ስለ እኩልነት ስንናገር በወረቀት ላይ የሰፈረውን መብት ብቻ ተመልክተን ከረካን ሐቁ ያመልጠናል። በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዙሪያ ያደገ የመርካቶ ተሸካሚ ልጅና የአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ ለአንድ ፈተና ሊቀመጡ ይችላሉ። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተሰጣቸው ሰዓትም እኩል ነው። እስከ አዳራሹ ደጃፍ የተጓዙበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ይህን ጉዳይ በጦር ትምህርት ቤቶቻችን ታሪክ በኩል እንመርምረው።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት ሲከፈት ዕጩዎቹ የተመረጡት ዘመናዊ ትምህርት ከቀመሱት ጥቂት ወጣቶች መካከል ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙዎቹ በጥቁር አንበሳ ጦር ተሰልፈው ተዋድቀዋልና ጀግንነታቸውን የሚጠራጠር የለም። ከነፃነት በኋላ ሆለታ በይበልጥ ከተራ ወታደርነትና ከበታች ሹምነት ለሚያድጉ ሰዎች መሰላል ሆነ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በእንግሊዙ ሳንድኸርስት አምሳያ፣ በህንድ መኮንኖች መምህርነት ሥራውን ጀመረ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ሲሆን መግቢያው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነበር።

እንግዲህ አንድ ሠራዊት ሁለት በር ኖረው። አንድ ዓይነት ኮከብ ትከሻቸው ላይ ያሰፈሩ ሁለት መኮንኖች አንዱ «የሐረር»፣ ሌላው «የሆለታ» እየተባሉ ይተያዩ ጀመር።

ለእውነቱ መቆም ይገባልና፣ ሰውን በትውልድ ሐረጉ ከመለካት በዕውቀቱ መለካት ታላቅ እርምጃ ነው። በእንግሊዝ አገር እስከ 1871 እ.ኤ.አ. የእግረኛና የፈረሰኛ ጦር መኮንንነት በገንዘብ ይገዛ ነበር። ይህ ከቀረ በኋላም ቢሆን የባለጸጎች ልጆች የሚማሩባቸው ውድ ትምህርት ቤቶች በቦታው ተተክተው በሩን ለረጅም ዘመን ጠብቀውታል።

በእኛስ? እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከ100 ኢትዮጵያውያን ፊደል የለየው 10 እንኳ አይሞላም ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ተከማችተው ነበር። በዚህ ሁኔታ «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ያመልክት» የሚለው ማስታወቂያ ለሰፊው ሕዝብ ልጅ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያት ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። የብዙኃኑ ልጅ በአራት ዓመት ትምህርት ይገደባል የሚለው ሥጋት ወላጆችንም አስቆጥቷል። ወላጆች የተማረረው ሆዳቸው ትክክል ነበር እንላለን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ከሻለቃ ማዕረግ በላይ ያልነበሩ የጦር አባሎች ደርግን አቋቋሙ፤ የሆለታው ምሩቅ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ዓ.ም. ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። በር የተዘጋበት ሰው ሥልጣን ሲይዝ በሩን ለሁሉ ይከፍታል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ሹማምንትና የጦር መኮንኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። በአንጻሩ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ወገኖች ፊደል አስቆጥሯል፤ ይህንንም መካድ አይቻልም።

ዛሬስ? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ብቻ ናቸው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም እጅግ ብዙ ነበሩ። ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለዕጩ መኮንንነት የሚወዳደረው ወጣት ከዚሁ ማኅደር የሚወጣ ነው። ስለዚህ መራጩ አካል ውጤትን ብቻ ከመቁጠር አልፎ ውጤቱ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደ መጣም ቢመለከት፣ ለተጎዱትም የመሰናዶ ወራት ቢያዘጋጅ አግባብ ነው።

የእኛም ድርሻ አለ። በሰፈራችን በአንዲት ክፍል ስድስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ልጅ የሚያጠናው ሌላው ሲተኛ ነው። የእድራችን አዳራሽ ከስብሰባ ቀን በቀር ስለ ምን ይቆለፋል? ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አምፖልና ቁልፍ የሚይዝ ሰው እስከ ሚቀጥለው የማኅበር ቀን ድረስ ማዘጋጀት ይቻላል።